የቅድመ በረራ ሰነዶች እና የበረራ ሠራተኞች ስሕተት፦ ከቦሌ አንፃር

የቅድመ በረራ ሰነዶች የሚባሉት አውሮፕላን ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት የበረራ ሠራተኞች የሚረከቧቸው፣ የሚያሟሏቸውና የሚያጸድቋቸው ጽሑፎች ናቸው። ዋና ዋናዎቹ የበረራ ዕቅድ፣ የጭነትና ሚዛን መግለጫ የሆነው ሎድ ሺት፣ የነዳጅ ስሌት፣ የአየር ጠባይ ዘገባ፣ ኖታም በመባል የሚታወቀው የአየር ማረፊያና የአየር ክልል ማስታወቂያ፣ እንዲሁም ብልሽትና ጥገና የሚመዘገብበት ቴክኒካል ሎግ ናቸው። ዛሬ ብዙዎቹ በታብሌት ላይ የሚነበቡ ቢሆንም ወረቀት የሚለው ስም አልለቀቃቸውም።

አገራችን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዘግይታ የገባች አይደለችም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1944 የተፈረመውን፣ የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን መሠረት የሆነውን የቺካጎ ስምምነት ከፈረሙት የመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ስትሆን፣ የስምምነቱ አንቀጽ 29 በአውሮፕላን ውስጥ ሊገኙ የሚገባቸውን ሰነዶች፣ ከምዝገባና ከብቁነት ምስክር ወረቀት አንሥቶ እስከ መንገደኞች ስም ዝርዝርና የጭነት መግለጫ ድረስ፣ ይዘረዝራል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የተደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራም የተካሄደው በዚሁ ዘመን ነው። የልደታ አየር ማረፊያ ለጄት አውሮፕላኖች የማይበቃ በመሆኑ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። ቦሌ ያን ጊዜ የአዲስ አበባ ዳርቻ ነበረ፤ ዛሬ ገርጂና ቡልቡላ አቅፈውታል።

በበረራ ዕቅድ ፎርም ላይ ለአገራችን ሰው የተለየ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የሰዓት ጉዳይ ነው። ፎርሙ የሚቀበለው ዩቲሲ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ሰዓት ከእርሱ ሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ከንጋት ይጀምራል። ስለዚህ በቤታችን ጠዋት 3 ሰዓት የምንለው በዓለም አቀፉ አጻጻፍ የአዲስ አበባ 09:00፣ በፎርሙ ላይ ግን 06:00 ነው። አንድ ቅጽበት ሦስት ቁጥር አለው ማለት ነው፤ ሦስቱም በራሳቸው ትክክል በመሆናቸው አንዱ በሌላው ቦታ ቢጻፍ ዓይን አይከለክለውም። ሌሊት ላይ ቀኑም አብሮ ይናጋል። ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል የሚነሣ በረራ በአዲስ አበባ ሰዓት ማክሰኞ 00:30 ሲሆን በዩቲሲ ገና ሰኞ 21:30 ነው፤ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ብዙ በረራዎች ከቦሌ የሚነሡትም በዚሁ አካባቢ ባለው ሰዓት ነው። በፎርሙ 18ኛ ክፍል የበረራው ቀን ለብቻው የሚጻፈውም እንዲህ ያለው መደናገር እንዳይፈጠር ነው። መነሻው ከተመዘገበው ሰዓት ከ30 ደቂቃ በላይ ከዘገየ ዕቅዱ መታረም ወይም በአዲስ መተካት አለበት።

በሰነድ ስሕተቶች ታሪክ በስፋት የተመረመረው የክብደት አሞላል ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2009 ከሜልቦርን በተነሣ የኤምሬትስ ኤርባስ ኤ340-500 ላይ የመነሻው ክብደት 362.9 ቶን መሆኑ ቀርቶ 262.9 ቶን ተብሎ ወደ ስሌት ኮምፒውተሩ ገባ። አንዲት አኃዝ ብቻ ብትለወጥም ፍጥነቱና የሞተሩ ኃይል በ100 ቶን ለቀለለ አውሮፕላን ተሰላ፤ ጭራው መሬት ፈተገ፣ አውሮፕላኑም የመንደርደሪያውን ጫፍ አልፎ በጭንቅ ተነሣ። በውስጡ የነበሩት 275 ሰዎች በሙሉ ተርፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በኦክላንድ የሲንጋፖር አየር መንገድ ቦይንግ 747 በተመሳሳይ የ100 ቶን ጉድለት ጭራውን አስፈትጓል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2004 በሃሊፋክስ የወደቀው የኤምኬ ኤርላይንስ የጭነት 747 ግን ዕድል አልነበረውም፤ መርማሪዎቹ ያለፈው በረራ ክብደት ሳይለወጥ ለአዲሱ ስሌት ሳይውል እንዳልቀረ ደምድመዋል፣ 7 የበረራ ሠራተኞችም ሕይወታቸውን አጥተዋል።

እነዚህ አደጋዎች ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ባላሉ ማረፊያዎች የደረሱ ናቸው። ቦሌ የሚገኘው በ2,334 ሜትር ከፍታ ሲሆን አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ሞተር ይደክማል፣ ክንፍ ለመሸከም የበለጠ ፍጥነት ይሻል፣ መንደርደሪያውም ይረዝማል። ስለዚህ በሎድ ሺት ላይ ያለች የተሳሳተች አኃዝ እዚህ የምታስከፍለው ዋጋ ከፍ ያለ ነው።

የነዳጅ ስሌት ስሕተት ዋና ምሳሌ እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1983 በካናዳ የደረሰው ነው። አዲሱ ቦይንግ 767 ነዳጁን በኪሎ ግራም የሚለካ ሲሆን፣ ሊትሩን ወደ ክብደት ለመቀየር የዋለው 1.77 የተባለው ቁጥር የፓውንድ ነበር፤ የኪሎው 0.8 ገደማ ነው። 22,300 ኪሎ ያስፈልገው የነበረው አውሮፕላን ከግማሽ በታች ይዞ ተነሣ፣ በጉዞው መካከልም ሞተሮቹ ጠፉ፤ አብራሪዎቹ ጊምሊ በተባለ የቀድሞ የጦር ሰፈር ላይ ያለ ሞተር አሳረፉት። በወረቀቱ ላይ የተደረገው ማባዛት ተደጋግሞ የታየ ቢሆንም የተደጋገመው ያው የተሳሳተ ቁጥር ነበር።

ኖታምን በተመለከተ የሚነሣው ችግር ብዛቱ ነው፤ አስፈላጊው ማስታወቂያ ከማያስፈልጉት መካከል ይሰወራል። ታብሌት ስሕተትን ቀነሰ ወይስ ቦታውን ብቻ ቀየረ የሚለው አከራካሪ ቢሆንም፣ የሜልቦርኑ ስሕተት በኮምፒውተር ላይ የተፈጸመ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ተጠያቂነትን በሚመለከት በአንዳንድ አገሮች ሕግ ዲስፓቸሩ፣ ማለትም በረራውን ከመሬት ሆኖ የሚያቅደው ባለሙያ፣ ከዋና አብራሪው ጋር ይጋራል፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የዋና አብራሪው ስለመሆኑ ክርክር የለም።

የተለመደው መከላከያ ሁለቱ አብራሪዎች ስሌቱን ሳይነጋገሩ ለየብቻ ሠርተው ውጤቱን ማስተያየታቸው፣ የሎድ ሺቱንም ክብደት በበረራ ዕቅዱ ላይ ከተገመተው ጋር ማነጻጸራቸው ነው። በር ሊዘጋ ሲል የቀረ መንገደኛ ካለ ሻንጣው ይወርዳል፣ ሎድ ሺቱም ይነካል፤ ለውጡ ከተፈቀደው ወሰን ካላለፈ በዚያው ሰነድ ላይ ይመዘገባል፣ ካለፈ ግን አውሮፕላኑ ቆሞ አዲስ ሎድ ሺት ይጠብቃል።