የዳግማዊ ምኒልክ ምስል ያለባቸው የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች

የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ሰባት ናቸው። አራቱ ዘውድ የደፉትን የዳግማዊ ምኒልክን ምስል ይዘዋል፦ ሩብ ግርሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቀይ፣ ባለ 1 ግርሹ ሰማያዊ፣ ባለ 2 ግርሹ ቡናማ። ዋጋቸው ከፍ ያሉት ባለ 4፣ 8 እና 16 ግርሾቹ ግን የይሁዳ አንበሳ ያለባቸው ናቸው። ለመታሰቢያ የወጡ ሳይሆኑ በየዕለቱ ደብዳቤ ላይ እንዲለጠፉ የታሰቡ መደበኛ ቴምብሮች ነበሩ። የቀረጻቸው ፈረንሳዊው ኤዥን ሙሾን ሲሆን የታተሙትም ፓሪስ ነው።

የፖስታ አገልግሎቱ የተመሠረተው በ1886 ዓ.ም. ነው። ጊዜውን ልብ ይሏል፤ የዓድዋ ጦርነት ገና ነው። ኢጣሊያ የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ይዛ፣ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር መጻጻፍ ያለባት በእኔ በኩል ነው ትል ነበር። ምኒልክም ውሉን ማፍረሳቸውን ካስታወቁ አንድ ዓመት ያህል ቢሆን ነው። ክርክሩ በማን በኩል እንጻጻፍ የሚል ሆኖ ሳለ፣ የአገሩ ስምና ዋጋው በአማርኛ ብቻ የሰፈረበት፣ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ የያዘ ቴምብር ማሳተም ተራ የአስተዳደር ሥራ ነው ብዬ አላምንም።

ይሁን እንጂ ቴምብሩ ብቻውን ባሕር አያሻግርም ነበር። ደብዳቤ በእግረኛና በበቅሎ ሐረር ደርሶ ወደ ውጭ ሲቀጥል፣ ከምኒልክ ምስል ጎን የፈረንሳይ ይዞታ የነበረችው የጅቡቲ ቴምብር ይለጠፍበታል። ሁለቱን ጎን ለጎን የያዙ ፖስታዎች ዛሬም አሉ። የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው።

ከ1893 ዓ.ም. ጀምሮ በእነዚሁ ቴምብሮች ላይ ተጨማሪ ጽሑፍ ይታተምባቸው ጀመር። መጀመሪያ የአገሩ ስም በፈረንሳይኛ፣ ቀጥሎ «ቦስታ»፣ ኋላም «ዳግማዊ» የሚሉ ቃላት ተደርበውባቸዋል። የቀደሙት በእጅ ማኅተም የተመቱ ስለሆኑ ቀለሙ አንዱ ላይ ወይን ጠጅ፣ ሌላው ላይ ሰማያዊ ነው፤ ጽሑፉም ከቴምብር ቴምብር ዘመም ይላል። ይህ ለአስመሳዮች ስለተመቻቸው የሐሰት ማኅተም ያለበት ቴምብር በገበያ ላይ ሞልቷል።

ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። የአገሯ ቴምብርም ያለ ጎረቤት ቴምብር እርዳታ ደብዳቤን ወደ ውጭ ማድረስ ቻለ። ቀጥሎ የወጣው አዲስ ስብስብ የሰሎሞንን ዙፋንና የምኒልክን ምስል ይዞ ከአማርኛው ጋር የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ታከለበት፤ በአማርኛ ብቻ የሚናገረው ቴምብር ዘመንም በዚሁ አበቃ።

ያልተለጠፉት የመጀመሪያ ቴምብሮች በርካታው ፓሪስ ለሰብሳቢዎች ስለተሸጡ ዛሬም በርካሽ ይገኛሉ። ውዱ በእርግጥ ተልኮ የደረሰ ፖስታ ነው፤ ቴምብሩ ላይ የሐረር ወይም የእንጦጦ ማኅተም ያረፈበት።