ተንቀሳቃሽ የዶሮ ቤት ምንድን ነው? ሲመርጡስ ከምን ይጀምራሉ?

ተንቀሳቃሽ የዶሮ ቤት ማለት በአንዱ ጫፍ ከፍ ያለ ማደሪያ ሳጥን፣ በቀረው ክፍል በሽቦ የተከበበ መጫሪያ ያለው፣ መጫሪያው ወለል የሌለውና በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ከቦታ ቦታ የሚዛወር ትንሽ ቤት ነው። ጎማ ስለተገጠመለት ብቻ ተንቀሳቃሽ አይባልም። ጠዋት ቡና ሳይፈላ አንድ ሰው ብቻውን ሊያዛውረው ካልቻለ፣ በሦስተኛው ሳምንት የቆመበት ይቀራል፤ ጎማው ዙሪያ ሣር ይበቅልና ተራ የዶሮ ቤት ይሆናል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች “የዶሮ ትራክተር” ይሉታል። ስሙ ቀልድ ቢመስልም ሥራውን ይናገራል፦ ዶሮዎቹ መሬቱን እየጫሩ፣ አረሙንና ትሉን እየለቀሙ፣ ኩሳቸውንም እየጣሉ ያልፋሉ። ከኋላቸው የሚቀረው መደብ ላዩ የተኮተኮተና ማዳበሪያ የተነሰነሰበት ነው።

ቆሞ የሚቀር የሽቦ ቤት ያለው ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ሣሩ በሁለት ሳምንት ያልቃል፣ መሬቱ ይላሸቃል፣ ኩሱ ይከመራል፣ ከዚያ ሽታና ዝንብ ነው። የባሰው ግን በዓይን አይታይም። ጫጩትን ደም የሚያስቀምጠው ኮክሲዲያ የሚባለው ጥገኛ ተባይ ከኩስ ጋር ሲወጣ ወዲያው አይለክፍም። እርጥበትና ሙቀት ባለበት ቦታ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው ለመልከፍ የሚደርሰው። ቤቱ በየቀኑ ከተዛወረ ዶሮዎቹ አብዛኛውን ጥለውት ይሄዳሉ። ለፈንግል ግን ቤት መፍትሔ አይሆንም፤ የእሱ መላ ክትባት ነው።

ከቤቱ በፊት ግቢውን ይለኩ

ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው “ስንት ዶሮ ይይዛል?” ብሎ ነው። መጀመር ያለበት ግን ከሣሩ ነው። ለጓሮ የሚመች ልክ 1.2 በ 2.4 ሜትር ነው፤ 2.88 ካሬ ሜትር ይሆናል። ማደሪያው ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካለ ከሥሩ ያለው ቦታም ለመጫሪያ ያገለግላል። ይህ ቦቫንስ ብራውን ወይም ሎህማን ብራውን ለሚባሉት እንቁላል ጣይ ዝርያዎች ለአራት ይበቃል፤ ለእያንዳንዷ 0.7 ካሬ ሜትር ይደርሳታል። ሳሶ የምትባለው ዝርያ ገላዋ ከበድ ስለሚል ሦስት ይሁኑ። ሻጭ ያንኑ ቤት “አሥር ዶሮ ይይዛል” ቢልዎት አልዋሸም፤ ይይዛል። ግን በሁለተኛው ወር ላባ መነጫጨት ይጀምራሉ።

አሁን ሒሳቡን ይሥሩ። ዶሮ የጫረችው ሣር መልሶ ለመቆም ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ በበጋ ውኃ ካላገኘ ከዚያም ይበልጣል። ሣር ያለበት ቦታ 60 ካሬ ሜትር ከሆነ ለ2.88 ሲካፈል 20 ማረፊያ ይወጣል። በየቀኑ ቢያዛውሩት ከ20 ቀን በኋላ መነሻዎ ላይ ደርሰዋል ማለት ነው፤ በክረምት ይበቃል፣ በበጋ ጠባብ ነው። 30 ካሬ ሜትር ብቻ ካለ የሚሻለው ዶሮውን ወደ ሁለት ዝቅ ማድረግ ነው። አለበለዚያ ቤቱን ለሳምንት ያህል ወፍራም ገለባ ወይም ሰጋቱራ በተነጠፈበት አንድ ጥግ እያቆሙ ሣሩን ማሳረፍ ይቻላል።

አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 100 ግራም ወይም ትንሽ የሚበልጥ እርጥብ ኩስ ትጥላለች። አራቱ ግማሽ ኪሎ ያህል ይሆናሉ። በአንድ ቀን ተበትኖ ሲቀር ማዳበሪያ ነው፤ ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ሲከመር ግን ሣሩን ያቃጥለዋል። ቤቱን በአትክልት መደብ ላይ የሚያሳልፉ ከሆነም ጊዜውን ያስቡበት። የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ጥሬ ፍግ ገብቶበት የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ ከሆነ፣ እንደ ሰላጣና ካሮት ማለት ነው፣ እስከ ለቀማ 120 ቀን እንዲቆይ ያዛል፤ አፈር ለማይነካው 90 ቀን ነው። ለጓሮም ጥሩ ልክ ነው።

ክብደቱ

ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። “እንጨት ይቀላል፣ ብረት ይከብዳል” የሚለው ግምት በዚህ ሥራ ላይ ይገለበጣል። ከላይ ለተጠቀሰው ልክ ከሥርና ከላይ ያለው ክፈፍ፣ ቋሚዎቹና አግዳሚዎቹ ሲደመሩ 22 ሜትር ያህል ይወጣል። 4 በ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የባሕር ዛፍ ሞራሌ ከደረቀ በኋላ እንኳ በሜትር 1.6 ኪሎ አካባቢ ነው፤ 22 ሜትሩ 35 ኪሎ ይገባል። እርጥብ ሆኖ ከተገዛማ ከዚያ በጣም ይብሳል፣ ሲደርቅም ይጣመማል። 20 በ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ግን በሜትር 0.7 ኪሎ ነው፤ ክፈፉ በ15 ኪሎ ግድም ያልቃል። የሃያ ኪሎ ልዩነት አንዱን ቤት በየቀኑ የሚገፋ፣ ሌላውን ቆሞ የሚቀር ያደርገዋል። ቱቦላሬው ከብየዳ በኋላ በተለይ መጋጠሚያው ላይ ጸረ ዝገት ካልተቀባ ግን ከሥር ጀምሮ ይበላል፤ የታችኛው ክፈፍ ሁልጊዜ እርጥብ ሣር ላይ መሆኑን አይርሱ።

በቱቦላሬ ክፈፍ፣ በቀጭን ቆርቆሮ ጣራ፣ በወንፊት ሽቦና በቀላል ማደሪያ ሳጥን የተሠራ ቤት ከነጎማው 50 ኪሎ አካባቢ ሊያልቅ ይችላል። ሃምሳ ኪሎ ለአንድ ሰው ብዙ ነው፤ ጎማው በትክክለኛው ጫፍ ከገባ ግን አይደለም። ከባዱ ማደሪያው ስለሆነ ጎማው በማደሪያው በኩል፣ እጀታው በመጫሪያው በኩል ይሁን። እጀታው ከክፈፉ 40 ሴንቲ ሜትር ወጣ ካለና የክብደቱ መሐል ከጎማው አንድ ሜትር ቢርቅ፣ የሚያነሡት 18 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ያንኑ ቤት ጎማውንና እጀታውን ቢያቀያይሩት 25 ኪሎ ይሆናል።

ስለ ጎማው ሌላ ነገር አለ። ሁልጊዜ መሬት የሚነካ ጎማ ክፈፉን አንሥቶ ከሥር ክፍተት ይተዋል። ጎማው ከክፈፉ በስተኋላ ወጥቶ፣ ከመሬት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታሰር። ቤቱ ሲያርፍ ክፈፉ መሬት ይይዛል፤ እጀታው ሲነሣ ጎማው ይወርዳል። የወንበር ጎማ የሚያህሉት ትንንሾቹ ለሲሚንቶ ወለል ነው የተሠሩት፣ መረሬ አፈር ላይ ይሰምጣሉ። የእጅ ጋሪ ጎማ የሚያህል ይምረጡ።

ሲያዛውሩ ዶሮዎቹ ማደሪያው ውስጥ እንዳሉ፣ የመውጫ በራቸው ሳይከፈት ይሁን። መጀመሪያ ቤቱ፣ ቀጥሎ በሩ። ከወጡ በኋላ የሚያዛውሩት ከሆነ የኋላው ክፈፍ የዘገየችዋን ዶሮ እግር ይይዛል፤ እግር ሊሰበር የሚችለው በዚህ ነው።

ሽቦውና ሸለምጥማጡ

ገበያ ላይ “የዶሮ ሽቦ” የሚባለው ባለ ስድስት ማዕዘኑ ቀጭን ሽቦ ዶሮን ውስጥ ያስቀራል እንጂ አውሬን ውጭ አያስቀርም። ውሻ በጥርሱ ይበጥሰዋል፤ ሸለምጥማጥ ደግሞ እጁን አስገብቶ ሽቦ ተጠግታ የተኛችውን ዶሮ ይስባል። ጠዋት የተበተነ ላባና ጭንቅላት የሌላት ዶሮ የሚያገኙት ለዚህ ነው። የሚይዘው ቀዳዳው 12 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የተበየደ ወንፊት ሽቦ ነው።

ሁሉንም በዚህ መሸፈን ይወደዳልም ይከብዳልም። ስለዚህ ገንዘቡን ማደሪያው ላይ ያፍስሱት፦ ዶሮዎቹ ሌሊቱን ማደሪያው ውስጥ ተዘግተው ካደሩ፣ መጫሪያው የሚጠብቀው ከቀን ጭልፊትና ከድመት ብቻ ነው፤ ቀጭኑ ሽቦም ይበቃዋል። ግቢው ውስጥ ውሻ ካለ ታችኛውን 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ በጠንካራው ያድርጉት። መሬቱ ወጣ ገባ ከሆነ ደግሞ ከክፈፉ ሥር ክፍተት ይኖራል፤ ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ ካለፈ ገላው ያልፋል። መጫሪያው ሌሊትም ክፍት የሚሆን ከሆነ በአራቱም ጎን ወደ ውጭ የሚዘረጋ 30 ሴንቲ ሜትር የሽቦ ዘርፍ ማሰርና ድንጋይ መጫን የግድ ነው፤ ይህን በየጠዋቱ ማንሣት ግን ብዙ ሰው በሳምንቱ ይሰለቻል።

መቀርቀሪያው ተስቦ ብቻ የሚከፈት አይሁን። ተነሥቶ ከዚያ የሚሳብ፣ ወይም ቀዳዳው ውስጥ ሽቦ የሚገባበት ይሻላል።

የማደሪያው ውስጥ

ማደሪያው 90 በ 120 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለአራት ዶሮ ይበቃል። ቆጡ ለእያንዳንዷ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይስጥ፤ ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ጠርዙ የተሞረደ እንጨት ይሁን። ቆጥ ከእንቁላል መጣያው ሳጥን ከፍ ማለት አለበት፤ ዶሮ ሁልጊዜ ከፍ ያለውን ትመርጣለችና ሳጥኑ ከበለጠ እዚያ ታድራለች፣ እንቁላሉም በኩስ ይለወሳል። መጣያው 30 በ 30 በ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ሳጥን ነው፤ ከአራት እስከ አምስት ዶሮ ይጋሩታል። ከውጭ የሚከፈት ክዳን ካለው እንቁላል ለመልቀም መጎንበስ አያስፈልግም።

የማደሪያው ወለል 25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ወፍራም የተበየደ ሽቦ ቢሆን ኩሱ በቀጥታ ሣሩ ላይ ይወድቃል። 12 ሚሊ ሜትሩን ወለል ላይ የሚያደርጉ አሉ፤ በሁለት ሳምንት ኩስ ይደፍነዋል። ግድግዳውን በችፑድ (ከተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ በተሠራ ጣውላ) ከማሠራት ይቆጠቡ፤ አንድ ክረምት ሳይወጣ አብጦ ይፈርሳል። ኮምፔንሳቶም ጠርዙ በደንብ ካልተቀባ ዕድሜው አጭር ነው።

ብርድ ሰውን ያስፈራዋል። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ላደገች ዶሮ ምንም አይደለም፤ ላባዋ ደረቅ ይሁን፣ ነፋስ በቀጥታ አይምታት እንጂ። የሚጎዳት በብርድ ፍራቻ ሁሉን ቀዳዳ መድፈን ነው። ከጣራው ሥር፣ ቆጡ ላይ ከተቀመጡት ዶሮዎች ራስ በላይ፣ በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች 10 ሴንቲ ሜትር ያህል በወንፊት ሽቦ ብቻ የተሸፈነ ክፍተት ይተው። ጠዋት ሲከፍቱ ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለ ወይም ቆርቆሮው ከውስጥ ጠብታ ካዘለ አየሩ አልበቃም። ቆላ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቆርቆሮው ሥር የሰሌን ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ንጣፍ ካልኖረ ቀትር ላይ ምጣድ ነው።

ቅርጹ

እንደ ድንኳን ሦስት ማዕዘን የሆነው ትንሽ ዕቃ ይፈጃል፣ ዝናብ አይይዝም፣ አይወላገድም። ጉድለቱ ጥጉ ነው፦ ሥሩ 1.2 ሜትር፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር ከሆነ ዶሮ ቀጥ ብላ በምትቆምበት 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ሦስተኛው ቦታ በስም አለ፣ በተግባር የለም። ለሁለት ወይም ለሦስት ዶሮ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ አራት ማዕዘኑ ይሻላል። በተጠማዘዘ ፕላስቲክ ቱቦና ሸራ የሚሠራው ከሁሉም ይቀላል፤ ነፋስ ያለበት ቦታ ግን በችካል ካልታሰረ ከነዶሮዎቹ ይገለበጣል።

ክረምት ሌላ ነገር ነው። እንደ ቢሾፍቱ ባለ ጥቁር አፈር ላይ ሐምሌና ነሐሴ ቤቱን ማዛወር ሣሩን ይደመስሳል፣ ጎማውንም ጭቃ ይውጠዋል። ያኔ ጠጠር ወይም ኮብልስቶን ያለበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ አቁመው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ገለባ ወይም ሰጋቱራ ያንጥፉ፤ ከላይ ሲረጥብ እየገለበጡ ይጨምሩ። መስከረም ላይ ይህ ለጓሮው ጥሩ ፍግ ይሆናል።

የተሠራ ቤት ሊገዙ ሲሄዱ ሜትር ይዘው ይሂዱ። የታችኛውን ክፈፍ ከጥግ ወደ ጥግ በሁለቱም በኩል ይለኩ፤ 1.2 በ 2.4 ከሆነ ሁለቱም 2 ሜትር ከ68 ሴንቲ ሜትር መምጣት አለባቸው። ልዩነቱ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ካለፈ ቤቱ ተወላግዷል፣ በሩ አይገጥምም። ቀጥሎ እጀታውን አንሥተው አሥር እርምጃ ይሂዱ። ሻጩ “ቆይ፣ ሰው ልጥራልዎት” ካለ መልሱን አግኝተዋል።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ የሚዛወር ቤት ሌባም ያዛውረዋል። በተለይ የበዓል ሰሞን ሌሊቱን ከአጥር ቋሚ ጋር በሰንሰለት ይታሰር።