ሂርሽስፕሩንግ ምንድን ነው? ያበጠው ጤነኛ፣ ያላበጠው በሽተኛ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሐረጎ ላይ ተሳቢ መኪና ተበላሽቶ መንገድ ዘግቶባችሁ ያውቃል? ሰልፉ ወደ ኋላ እየረዘመ ዳገቱን ይወጣል። ከላይ ያለው ሾፌር ክላክሱን ያንባርቃል። የእሱ መኪና ምንም አልሆነም። ጣጣው ታች፣ እሱ የማያየው መታጠፊያ ላይ ነው። ሂርሽስፕሩንግ የሚባለው የሕፃናት የአንጀት ሕመም ልክ እንደዚህ ነው።

አንጀት ዝም ብሎ ቱቦ አይደለም። እየተኮማተረና እየላላ በውስጡ ያለውን ወደ ታች ይገፋል። ይህን የሚያዙት ግድግዳው ውስጥ ያሉ የነርቭ ሴሎች ናቸው። ልጁ ገና ማህፀን ውስጥ ሳለ፣ ከ5ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ፣ ሴሎቹ ከላይ ተነሥተው አንጀቱን ተከትለው እስከ መቀመጫ ድረስ ይወርዳሉ። አንዳንዴ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ያልደረሱበት የመጨረሻው ክፍል አዛዥ የለውም፤ እንደተኮማተረ ይቀራል። ካካው እሱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከላይ ያለው ጤነኛ አንጀት እየገፋ፣ እየገፋ በመጨረሻ ይነፋል።

የእህቴ ልጅ በዚህ ነው የታመመው። ተወልዶ ሁለት ቀን ሙሉ ካካ አላለም። አራስ ሊጠይቁ የመጡ አንዲት እናት «አብሽሪ ልጄ፣ ገና ምን በልቶ ነው?» አሏት። ነገሩ ልክ ይመስላል። ግን የመጀመሪያው ጥቁርና ሙጭጭ ያለ ካካ ከምግብ የሚመጣ አይደለም። ማህፀን ውስጥ እያለ የተጠራቀመ ነው። በጊዜው የተወለደ ጤነኛ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ48 ሰዓት ውስጥ ያወጣዋል።

በሦስተኛው ቀን ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ አረንጓዴ አስታወከው። ቅቤ ይዋጥ የሚል መጣ። ሳሙና ቀርጾ ከታች ማስገባት ነው የሚልም አልጠፋም። ጤና ጣቢያ ስትወስደው ነርሷ በመቀመጫው በኩል በጣቷ ስትመረምረው ካካውና አየሩ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ፈሰሰ። ሁሉም ተመስገን አለ። «ለቀቀው» ተብላ ወደ ቤት ተመለሰች። ይህ ነው እንግዲህ የሚያሳስተው። ጣት ሲገባ ጠባቡ በር ለአፍታ ይከፈታል፤ ከዚያ መልሶ ይዘጋል። በማግስቱ ሆዱ እንደገና ተነፋ።

ሕመሙ በግምት ከ5 ሺህ ሕፃናት አንዱን ይይዛል። ወንዶቹ ከሴቶቹ አራት እጥፍ ያህል ይበዛሉ። ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ልጆችም ዘንድ ይበዛል። ታዲያ የደረቀበት ልጅ ሁሉ ይሄ አለበት ማለት አይደለም። አብዛኛው ድርቀት አንድ ቀን ካካ ሲል አሞት ከዚያ ወዲህ ካካውን የሚይዝ፣ ወይም የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት የሚጠየፍ ልጅ ድርቀት ነው። ልዩነቱ አጀማመሩ ላይ ነው። ያኛው አብዛኛውን ጊዜ ቆይቶ የሚመጣ ነው፤ ይሄኛው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ።

ስሙ የዴንማርክ የሕፃናት ሐኪም ከነበረው ሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 በርሊን ላይ ስለ ሁለት ሕፃናት ተናገረ። ዓይኑ ያረፈው ያበጠው አንጀት ላይ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡ ቀዶ ሐኪሞችም ለረጅም ዓመታት ያበጠውን ቆርጠው ያወጡ ነበር፤ ልጁ ግን መልሶ ይታመማል። ሐረጎ ላይ የቆመውን ተሳቢ ትቶ ከኋላ የተሰለፉትን መኪኖች መጎተት በሉት። እ.ኤ.አ. በ1948 ስዌንሰን የተባለ ሐኪም ደህና የሚመስለውን ጠባብ ክፍል አውጥቶ፣ ጤነኛውን ወደ ታች ስቦ መስፋትን አሳየ። ዛሬም መሠረቱ ይኸው ነው።

ሥራው የአንድ ሰው አይደለም። መጀመሪያ በራጅ ጠባቡና ሰፊው የሚገናኙበት ቦታ ይፈለጋል። ቀጥሎ ከደንዳኔው ትንሽ ሥጋ ተቆንጥሮ ፓቶሎጂስት በማይክሮስኮፕ ያያል። አንድ የነርቭ ሴል ካገኘ ነገሩ አለቀ፤ ሂርሽስፕሩንግ አይደለም። «ሴሉ የለም» ለማለት ግን በደንብ የተወሰደ ናሙናና የለመደ ዓይን ይጠይቃል። ቀዶ ጥገናው የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ሥራ ነው። ሆዱ በጣም ከተነፋ መጀመሪያ አንጀቱን በሆድ በኩል አውጥተው ያሳርፉታል፤ ኮሎስቶሚ የሚባለው ነው። የእህቴ ልጅ ሪፈር ተጽፎለት 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ነው የተሠራለት።

ቀዶ ጥገናው እስኪደርስ አንጀቱን የምታጥበው እናት ናት። ለስላሳ ቱቦ ታስገባለች፣ ሳላይን፣ ማለትም ልኩ የታወቀ የጨው ውኃ፣ ትለቃለች፣ ካካው ተመልሶ ይወጣል። ተራ ውኃ አይሆንም፤ አንጀት ይመጠውና የደሙን ጨው ያቀጥነዋል። እህቴ መጀመሪያ ቀን እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሳምንቱ ልጁን እያጫወተች ታጥበው ጀመር።

በአንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልተዘናጋችም። ልጁ አሁን አራት ዓመቱ ነው፤ ይሮጣል፣ ቆሎ ይቆረጥማል። ሐኪሙ የነገራት ከቀዶ ጥገናው በኋላም ቢሆን ትኩሳት፣ የተነፋ ሆድና የሚሸት ተቅማጥ አብረው ከመጡ ሳታድር እንድታመጣው ነው። አንጀቱ ተቆጥቷል ማለት ነው፤ በዚህ በሽታ ሕፃናትን የሚገድለውም በዋናነት ይሄ ነው። ጎረቤት «ድርቀቱ ለቀቀው፣ እሰይ» የሚለው ተቅማጥ እሷን ነጠላዋን አስነጥቆ ባጃጅ ያስጠራታል።