«የወረቀት ጋብቻ» ምንድን ነው?

ለመኖሪያ ፈቃድ ሲባል በማስመሰል የተፈጸመን ጋብቻ የሚያመለክተው «የወረቀት ጋብቻ» የሚለው ስያሜ የመኖሪያ ፈቃድ ያለውን ሰው ባገባ ሁሉ ላይ፣ በተለይም ፈቃዱን ካገኘ በኋላ በተፋታ ሰው ላይ፣ ያለ ሐሳብ የሚለጠፍ ሆኗል። አንድ አስተያየት ሰጪ በቅርቡ ስለ አንዲት ሴት «ወረቀቷን እንዳገኘች ተፋታች፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?» ብለው ጽፈዋል። በኢሚግሬሽን ሕግ ለሚሠራ ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ገና ብዙ ይፈለጋል።

የሕጉ ጥያቄ ጋብቻው ጥቅም አስገኝቷል ወይ የሚል ሳይሆን፣ ተጋቢዎቹ በተጋቡበት ጊዜ አብረው ለመኖር አስበው ነበር ወይ የሚል ነው። አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 እንደወሰነው፣ ባልና ሚስት በኋላ መለያየታቸው የመነሻ ሐሳባቸውን ለመመርመር ሊጠቅም ቢችልም፣ ብቻውን ግን ጋብቻው ሲመሠረት የማስመሰል ነበር ለማለት አይበቃም።

ያገባ ሰው «ጎጆ ወጣ» ይባላልና ምሳሌውን ከዚሁ ልውሰድ። አንዱ ጎጆውን ቀልሶ በሩን ወደ መንገዱ ያዞራል፤ መንገዱ ይጠቅመዋል፣ ማታ የሚያድረው ግን ጎጆው ውስጥ ነው። ሌላው ግድግዳም ጣሪያም ሳይኖረው በር ብቻ አቁሞ ያልፍበታል። የወረቀት ጋብቻ የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ጎጆ በሁለተኛው ዓመት ቢቃጠል፣ ከመነሻውም ጎጆ አልነበረም የሚል አይኖርም። መርማሪው ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከቃጠሎው በኋላ ስለሆነ አመዱን ይበረብራል፤ የጋራ የቤት ኪራይ ውል፣ የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ ፎቶግራፍና መልእክት ይጠይቃል፤ ባልና ሚስቱንም ለየብቻ አስቀምጦ ማን ቀድሞ እንደሚነሣ ይጠይቃቸዋል። ምሳሌዬ የሚያነክሰው እዚህ ላይ ነው፤ ግድግዳ በእጅ ይዳሰሳል፣ ሐሳብ ግን አይዳሰስም፤ በእውነት የተጋቡ ሰዎችም መልሳቸው ሊለያይ ይችላል።

ሳልጠየቅ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ መለኪያው በየአገሩ አንድ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው የአቋም መግለጫ፣ ጋብቻ የወረቀት እንዲባል የመግቢያና የመኖሪያ ደንቦችን ለማለፍ ብቻ የተፈጸመ መሆን አለበት። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2017 በዚሁ በኅብረቱ ሕግ በታየ ጉዳይ፣ የማስረዳት ሸክሙ የባለሥልጣኑ እንጂ የተጋቢዎቹ አይደለም ብሏል። የካናዳ ደንብ ደግሞ ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ጋብቻው እውነተኛ ካልሆነ ወይም በዋነኛነት ለኢሚግሬሽን ጥቅም ከተፈጸመ፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ለክልከላ ይበቃል።

የወረቀት ጋብቻን ከተጭበረበረ ሰነድ ጋር የሚያምታቱም አሉ። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ነው፤ ባለሥልጣኑ ፈቃዱን ሲከለክልም ጋብቻውን አፈረሰ ማለት አይደለም።

ወደ አስተያየት ሰጪው ልመለስ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው ሕግ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ሲያገኝ ጋብቻው ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው የሚሰጠው ለሁለት ዓመት የሚቆይ ቅድመ ሁኔታ ያለበት ፈቃድ ነው፤ ቅድመ ሁኔታውንም ለማስነሣት ባልና ሚስት በመደበኛው አካሄድ አብረው ያመለክታሉ። ይሁንና በቅን ልቦና አግብቶ የተፋታ ሰው፣ እንዲሁም በትዳር ጓደኛው ጥቃት የደረሰበት፣ ብቻውን ማመልከት ይችላል። ፍቺ በራሱ ማስረጃ ቢሆን ኖሮ ይህ አንቀጽ ባልተጻፈ ነበር።

ስያሜው በቀላሉ እንዲወረወር የማልወደው በሚያስከትለው ቅጣት ምክንያት ነው። በዚያው አገር የኢሚግሬሽን ሕግን ለማምለጥ አውቆ የተጋባ ሰው እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ሊወሰንበት ይችላል። የወንጀል ክስ ባይመሠረትበት እንኳ፣ ባለሥልጣኑ በቂ ማስረጃ አለኝ ብሎ ከደመደመ፣ ያ ሰው ከዓመታት በኋላ በእውነት ቢያገባም አዲሱ የትዳር ጓደኛው የሚያቀርብለት የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ተቀባይነት አያገኝም።