ፎረም ቲያትር ምንድን ነው?

የትምህርት ቤት ድራማ እንዴት እንደሚያልቅ ሁላችንም እናውቃለን። አባት ይሰክራል። ልጅ ከክፍል ይቀራል፣ ጫት ይጀምራል፣ ይታመማል። ከዚያ አንዱ ወደ ፊት ወጣ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ስለዚህ እኛ ወጣቶች...» ይላል። ጭብጨባ። ወላጆች ወደ ቤት፣ ልጆቹ ወደ ጫታቸው። (ቀልድ ነው። ግማሹ።)

ፎረም ቲያትር ያችን «ስለዚህ» የሚያስቀር የቲያትር ዓይነት ነው። አጭር ድራማ ይታያል፤ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። መጨረሻው አያምርም፣ ምክርም የለውም። ከዚያ ያው ድራማ ከመጀመሪያው ይደገማል። በሁለተኛው ዙር ግን ከተመልካቹ ማንም ሰው «ቁሙ!» ብሎ ማስቆም ይችላል። ያስቆመው ሰው አስተያየት ሰጥቶ አይቀመጥም። ይወጣና የተበደለውን ሰው ቦታ ይይዛል፤ እሱ ቢሆን ኖሮ የሚያደርገውን እዚያው ያደርጋል። ሌሎቹ ተዋንያን አይራሩለትም። ይከራከሩታል፣ ያስፈራሩታል፣ ያባብሉታል። ካልተሳካለት ይወርዳል፣ ሌላ ይወጣል።

ይህን አሠራር ያመጣው አውጉስቶ ቦአል የሚባል ብራዚላዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ተወለደ። በ1971 የወታደሮቹ መንግሥት አስሮ አሰቃየው፤ ሲፈታ ከአገር ወጣ። በ1973 ፔሩ ውስጥ በአንድ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይሠራ ነበር። ያኔ ተመልካቹ ከመቀመጫው ሆኖ መፍትሔ ይናገራል፤ ተዋንያኑ እንደታዘዙት ይሠሩታል። አንድ ቀን ባሏ ያታለላት ሴት ታሪክ እየታየ ሳለ፣ ከተመልካቹ አንዲት ሴት «በግልጽ ታናግረው» አለች። ተዋናይቷ በግልጽ አናገረችው። ሴትየዋ አልረካችም። ደገሙት። አሁንም «እንደዚህ አይደለም!» አለች። ቦአል ግራ ሲገባው «እስኪ አንቺው ነይና አሳዪን» አላት። ወጣች፣ መጥረጊያ አነሳች፣ ባል ሆኖ የሚጫወተውን ምስኪን ተዋናይ ወቀጠችው። «በግልጽ» ማለቷ ለካ ይሄ ነበር። የሰውን ሐሳብ በሰው አፍ መተርጎም አይቻልም፣ ራሱ ይውጣ የሚለው ደንብ ከዚያች መጥረጊያ መጣ ብሎ ቦአል ራሱ ጽፏል።

ለኛ ለወሎዎች ነገሩ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ዝም ብሎ አይሰማም፤ «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ይሰጣል፣ አዝማሪውም ተቀብሎ ይዘፍነዋል። ፎረም ቲያትር ከዚህ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ግጥሙን ሰጪው ራሱ መሰንቆውን ይዞ ይቀመጣል እንደማለት ነው።

በተመልካቹና በመድረኩ መሐል የሚቆመው ሰው ጆከር ይባላል። ስሙ ከካርታ የመጣ ነው። ኮንከር የተጫወተ ሰው ያውቀዋል፤ ጆከር የየትኛውም ወገን አይደለም። ሥራው መጠየቅ ብቻ ነው። «ይሄ ይሠራል? እናንተ ቤት ቢሆን ይሠራል?» ይላል። መልስ አይሰጥም። በኔ እይታ ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ነው። ጆከሩ አስተማሪ ከሆነ አፉን ይበላዋል። አንዴ «ጥሩ ብለሻል!» ካለ አበቃ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ልጅ ሁሉ አስተማሪው የወደደውን ነው የሚሠራው። ስለዚህ ጆከሩ ከልጆቹ አንዱ ቢሆን ይሻላል።

ደሴ ውስጥ አንድ የቲያትር ክበብ ሲሞክረው አይቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ የጦሳ ተራራ ጉም ገና አልተነሳም። ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል። ተዋንያኑ ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ይሆናቸዋል። ርዕሱን የመረጡት እነሱ ናቸው፦ ዓረብ አገር። ወሎ ውስጥ ይህ ጉዳይ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ልጅቷ አሥረኛ ክፍል ናት። ቤት ውስጥ ቡና ተፈልቷል። አጎቷ ደላላ ይዞ መጥቷል። እናት ቡናውን ትቀዳለች፣ አትናገርም። በበረካው ልጅቷ ፎቶ ለመነሳት ትወጣለች። አለቀ።

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር መጀመሪያ ያስቆመው አንድ ልጅ ነበር። የልጅቷን ሻርፕ ተከናንቦ ተቀመጠ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ፖሊስ እጠራለሁ!» አለ። አጎትየው አልደነገጠም። «ጥሪ። ማታስ የት ታድሪያለሽ?» አላት። ልጁ አሰበ፣ አሰበ፣ ወረደ። ቀጥላ የወጣችው ልጅ «ተምሬ እረዳችኋለሁ» አለች። «የነእትዬ ልጅ ዲግሪዋን ይዛ እቤት ተቀምጣ የለም እንዴ?» አላት አጎትየው። አሁንም ተሳቀ፤ ይሄኛው ሳቅ ግን አጭር ነበር። ሦስተኛዋ ሕግ ጠቀሰች። ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው ለሥራ ወደ ውጭ መላክ ክልክል ነው አለች፤ ልክ ናት። ደላላ የሆነው ልጅ ፈገግ አለ። «ዕድሜ ማለት እኮ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ እኔ ጋ ነው።» ይህን ማንም አልጻፈለትም፤ የሆነ ቦታ ሰምቶታል።

አራተኛው ልጅ አጎትየውን ልተካ አለ። ወጥቶ «ተጸጽቻለሁ፣ ትማር» ብሎ ሊገላገል ነው። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አስማት!» ብሎ ጮኸ። ደንቡ ይህ ነው። በዳዩን ድንገት መልአክ ማድረግ፣ ሎተሪ ማስወጣት፣ ሀብታም ዘመድ ከአሜሪካ ማምጣት አስማት ይባላል። አስማት መሆን አለመሆኑን የሚፈርደውም ተመልካቹ ነው።

ልጆቹ መጀመሪያ ያሰቡት ርዕስ ሌላ ነበር። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ያዩትን ሊሠሩት ፈልገው ነበር። ሞከሩት፣ አልሆነም። ፎረም ቲያትር የሚሠራው የተበደለው ሰው አንድ ነገር ማድረግ በሚችልበት ቅጽበት ላይ ነው። ከከባድ መሣሪያ ጋር ማን ይከራከራል? «ቁሙ!» ቢባል የሚቆም የለም። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ግጥም ይሻለዋል፣ ወይም ሥዕል። አንዷ ልጅ የተቆለፈ በር ብቻ ስላ አምጥታለች፤ ውጪ ምን እንዳለ አይታይም። ለሚኒ ሚዲያው ሰሌዳ ይሁን ተብሎ ተለጠፈ። ከዚያ ዘመን ለድራማ የሚሆን ነገር ቢፈለግ፣ ከተፈናቀለበት ተመልሶ ትምህርቱን አልቀጥልም ያለ ታናሽ ወንድም አለ። እሱን ማናገር ይቻላል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ደሴ ለወሬ ትንሽ ከተማ ናት። አራዳ ሰፈር የተነገረ ነገር ሻይ ሳይበርድ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ይደርሳል። አንድ ልጅ የቤቱን ጉድ መድረክ ላይ ካወጣው፣ ሰኞ ዕለት የሚከፍለው ብቻውን ነው። ስለዚህ ክበቡ የአንድን ልጅ ታሪክ እንዳለ አይወስድም። ከአራት ከአምስት ሰው ትንሽ ትንሽ ተውጣጥቶ ይሰፋል። ታሪኩን ያመጣው ልጅ ራሱን ሆኖ አይጫወትም። «ይሄ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅም ክልክል ነው። ያም ሆኖ የሚያለቅስ አይጠፋም። ፎረም ቲያትር ሕክምና አይደለም፤ ልጁን አብሮት ወጥቶ የሚያነጋግር አንድ ትልቅ ሰው ከጎን መኖር አለበት።

ቦአል በኋላ አገሩ ተመልሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የሪዮ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመርጧል። ሰፈር ለሰፈር ድራማ እያሳየ፣ ከተመልካቹ የወጣውን ሐሳብ ሕግ አድርጎ ያቀርብ ነበር፤ ከአሥር በላይ ጸድቀውለታል። የኛዎቹ ገና እዚያ አልደረሱም። የቅዳሜው ቡና እንኳን አላለቀላቸውም።

ሰዓቱ እያለቀ ነበር። ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር፣ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ያልተነፈሰች ልጅ ተነሳች። ከገጠር መጥታ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር ናት አሉኝ። ልጅቷን አልተካም አለች። «እናትየዋን ልሁን?»

ጆከሯ ክፍሉን አየች። እናት በዳይ ናት? አይደለችም። አስማት ነው? ማንም «አስማት» አላለም። እሺ ተባለች።

ሻርፑን አሰረች፣ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ ጀበናውን አነሳች። ለአጎት ቀዳች። ለልጇ ቀዳች። ለራሷ ቀዳች። ጀበናውን መለሰችው። ደላላው እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ወደ አጎትየው ዞረ፣ አጎትየው ደግሞ ሲኒውን ያይ ነበር። ያን ሁሉ ሰው በቃል የመለሱት ሁለቱ ልጆች የሚሉት ጠፋቸው።