ሥልጣን፣ ኃይልና ተሰሚነት፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

አራት ኪሎ አካባቢ ወዳለ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ማመልከቻዬ ላይ ኃላፊው «ይፈጸምላቸው» ብለው መርተውበታል፤ ፊርማም ቲተርም አለው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ግን ቀና እንኳ ሳትል «ፋይሉ አልተገኘም፤ ነገ ይመለሱ» ትለኛለች። በሦስተኛው ቀን ከዚያው ቤት ጡረታ የወጡ አንድ አባት ለራሳቸው ጉዳይ መጥተው አገኙኝ። በሩን ገፋ አድርገው «ልጄ፣ እስቲ የእኒህን ሰው ነገር እዪላቸው» አሏት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ ፋይሉ ወጣ።

ሥልጣን የነበራቸው ኃላፊው ናቸው። ሥልጣን ማለት ታዛዡ ራሱ «ማዘዝ ይገባዋል» ብሎ የተቀበለው የማዘዝ መብት ነው። ጀርመናዊው ማክስ ዌበር ምንጩን ሦስት አድርጎ ነበር የከፈለው፦ ልማድ፣ የሰውየው ግርማ ሞገስ፣ ሕግ። የኃላፊው ከሕግ የመጣ ነው፤ ወንበሩን የለቀቁ ዕለት አብሯቸው አይሄድም።

ሠራተኛዋ ጋ የነበረው ኃይል ነው። ዌበር እንደሚለው ኃይል ሌላው ባይወድም የራስን ፈቃድ መፈጸም መቻል ነው። «ፋይል አቆዪ» የሚል መመሪያ የላትም፤ የትኛው መደርደሪያ ላይ ምን እንዳለ የምታውቀው ግን እሷ ብቻ ናት። ፍሬንችና ሬቨን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1959 እ.ኤ.አ. የኃይል ምንጮችን ሲዘረዝሩ ሽልማትን፣ ቅጣትን፣ ሕጋዊ ሹመትን፣ ሙያንና መወደድን አስቀመጡ። ሬቨን በኋላ መረጃን ስድስተኛ አድርጎ ጨመረ። መዝገብ ቤት ደጅ የጠና ሰው ይህን ከማንም በፊት ያውቀው ነበር!

የጡረተኛው ደግሞ ተሰሚነት ነው። አያዙም፣ አይቀጡም፤ እምቢ ብትላቸው የሚቀርባት ነገር የለም። ግን ይሉኝታ ያዛት። እኔ ከሦስቱ የማከብረው ይህን ነው፤ በደላላ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ባውቅም።

ሦስቱ በአንድ ሰው እጅ ሲገኙ ልዩነታቸው አይታይም። ከ1909 በኋላ ግን አዲስ አበባ ላይ ተበታትነው ነበር፦ ዘውዱ የንግሥት ዘውዲቱ፣ የዕለት ተዕለቱ አስተዳደር የአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ፣ ብዙ ጦርና የመኳንንቱ ጆሮ ደግሞ የጦር ሚኒስትሩ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ። ፊታውራሪው በ1919 ሲሞቱ ተፈሪ እጃቸው ረዘመ፤ ጦራቸውንም ወሰዱ። ሹመታቸው ግን ያው አልጋ ወራሽነት ነበር።

ኃይል የሸሸው ሥልጣን ምን እንደሚመስል ከተማዋ መስከረም 2 ቀን 1967 አይታለች። ያን ጠዋት ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት የመውረጃ አዋጁን ያነበቡት የራሳቸው መኮንኖች ናቸው። ልትወስዳቸው ደጅ የቆመችው መኪና ቮልስዋገን ነበረች።