የሻማ ክር ምንድን ነው? ከቀለሙ ጋርስ ምን ያገናኘዋል?

ቤት ውስጥ ሻማ መሥራት የሚጀምር ሰው አብዝቶ የሚጨነቀው ለሰሙ፣ ለመዓዛውና ለቀለሙ ነው። ክሩ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። ክር ያው ክር ነው ተብሎ የተገኘው ይከተታል። እኔም እንደዚያ ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያው ሻማዬ ደማቅ ሰማያዊ ነበር፤ በጣም ያምራል። ለኮስኩት። ነበልባሉ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው እያነሰ፣ እያነሰ ሄደና የቀለጠው ሰም ውስጥ ሰምጦ ጠፋ። ሦስት ጊዜ ደግሜ ለኮስኩት፤ ሦስቴም ጠፋ። ሰሙ ምንም አልሆነም። ስህተቱ ቀለሙና ክሩ ላይ ነበር፤ ሁለቱ የሚነካኩ ነገሮች መሆናቸውን አላውቅም ነበር።

ሻማ ሲበራ በዋናነት የሚነደው ክሩ ሳይሆን ሰሙ ነው። የነበልባሉ ሙቀት ከሥሩ ያለውን ሰም ያቀልጠዋል። የቀለጠው ሰም በክሩ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ክፍተቶች ወደ ላይ ይሳባል፤ የፎጣ ጫፍ ውሃ ውስጥ ሲነከር እርጥበቱ ራሱ ወደ ላይ እንደሚወጣው ማለት ነው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ይተናል። የሚነደው ይህ ተን ነው። ኩራዝ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ልዩነቱ የሻማ ነዳጅ መጀመሪያ መቅለጥ ያለበት መሆኑ ብቻ ነው።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። የሚነድ ሻማ እፍ ብላችሁ አጥፉ። ነጭ ጭስ ይወጣል። ያ ሳይነድ ያመለጠ የሰም ተን ነው። ወዲያውኑ የበራ ክብሪት ወደ ጭሱ ብታስጠጉ፣ እሳቱ ጭሱን ተከትሎ ወርዶ ክሩን መልሶ ይለኩሰዋል። ክብሪቱ ክሩን አልነካውም። ለእኔ ስለ ሻማ ከማውቀው ሁሉ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ የሻማ ክር ማለት የነዳጅ መሳቢያ ነው። ሰሙ ውስጥ የጨመራችሁት ነገር ሁሉ፣ መዓዛውም ቀለሙም፣ በዚህች ጠባብ መንገድ ማለፍ አለበት።

ክር ውፍረቱ ሲበዛ ብዙ ሰም ይስባል፤ ሲቀጥን ትንሽ ይስባል። ውፍረቱን በዋናነት የሚወስነው የሻማው ስፋት ነው፤ ቁመቱ አይደለም። ብዙ ጀማሪ ይህን ይዘነጋል። ረጅምም ሆነ አጭር፣ ወርዱ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሻማ የሚፈልገው ተመሳሳይ ክር ነው። ክሩ ከቀጠነ ነበልባሉ ዙሪያውን ማቅለጥ ያቅተዋል። መሐሉ ብቻ እየቀለጠ ጉድጓድ ይሠራል፤ ዳር ያለው ሰም ሳይነካ ይቀራል፤ በመጨረሻ ክሩ ጉድጓዱ ውስጥ ይሰምጣል። ከወፈረ ደግሞ ነበልባሉ ይረዝማል፣ ይወዛወዛል፣ ጥላሸት ያወጣል። ጫፉ ላይ እንጉዳይ የመሰለ የከሰል እብጠት ይይዛል። ብርጭቆ ውስጥ ከሆነ ብርጭቆው ከመጠን በላይ ይግላል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ሁለቱም ጥፋት ነው፤ ይኸኛው ግን አደገኛ ስለሆነ የበለጠ ልትፈሩት ይገባል።

የክር ዓይነት ብዙ ነው። ለጀማሪ ግን የተጎነጎነ የጥጥ ክር ይበቃል። ጉንጉኑ ለውበት የተደረገ እንዳይመስላችሁ። ድሮ የሻማ ክር የተገመደ ብቻ ነበር፤ ሲነድ ቀጥ ብሎ ይቆምና ጫፉ እየከሰለ ስለሚረዝም፣ ሰው እየተነሳ በመቀስ መቁረጥ ነበረበት። በ1825 እ.ኤ.አ. ካምባሴሬስ የተባለ ፈረንሳዊ የተጎነጎነ ክር አመጣ። ጉንጉን ክር ሲነድ ጎንበስ ይላል። ጫፉ ወደ ነበልባሉ ዳር፣ አየር ወደሚያገኝበት ቦታ ይወጣና እዚያው ነዶ ያልቃል። ዛሬም የምንጠቀመው ይህንኑ ሐሳብ ነው።

ጠፍጣፋ ጉንጉን ለቀጫጭንና ያለ ዕቃ ለሚቆሙ ሻማዎች ይሆናል። አራት ማዕዘን ጉንጉን ጠንከር ያለ ነው፤ ለንብ ሰም የሚመረጠው እሱ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ለሚፈስ ሻማ፣ ሰሙ ሲቀልጥ ክሩ እንዳይወድቅ መሐሉ ላይ ማቆሚያ ያለው ይወሰዳል፤ ማቆሚያው ወረቀት፣ ጥጥ ወይም ዚንክ ይሆናል። ቀድሞ እርሳስ የተባለው ብረትም ለዚህ ይውል ነበር። ሲነድ መርዙ ወደ አየር ስለሚገባ አሜሪካ በ2003 እ.ኤ.አ. ከልክላዋለች። ምን እንዳለበት የማይታወቅ የብረት ሽቦ ያለበት አሮጌ ክር ካገኛችሁ አትጠቀሙበት። የእንጨት ክርም አለ፤ ሲነድ ደስ የሚል የመንጣጣት ድምፅ አለው። ለመጀመሪያ ሻማ ግን አልመክረውም፤ በእኩል እንዲነድ ማድረግ ልምድ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። ሰም ዘይት ነክ ነገር ነው፤ ከውሃ ጋር አይዋሃድም። የምግብ ቀለም የማይሠራው ለዚህ ነው። አብዛኛው በውሃ የተበጠበጠ ስለሆነ፣ ሰም ውስጥ ሲገባ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከሥር ይቀመጣል። የሚያስፈልጋችሁ ሰም ውስጥ የሚሟሟ፣ ለሻማ ተብሎ የተሠራ ማቅለሚያ ነው። በፈሳሽ፣ በዱቄትና በደረቅ ቁርጥራጭ መልክ ይገኛል። ፈሳሹ ቶሎ ይዋሃዳል፤ በጠብታ ስለሚቆጠር አንድን ቀለም ደግሞ ማውጣት ይቀላል። ዱቄቱ በጣም ኃይለኛ ነው፤ ትንሽ ከበዛ መመለሻ የለውም፣ የነካውንም ሁሉ ያቀልማል። ለጀማሪ ቁርጥራጩ ይሻላል ባይ ነኝ። እየፈገፈጋችሁ ጥቂት በጥቂት ትጨምራላችሁ፤ አይንጠባጠብም፣ አይበንንም።

የእኔን ሰማያዊ ሻማ የገደለው የሕፃናት ክራዮን ነበር። ክራዮን ራሱ ከሰም ስለሚሠራ የሚስማማ መስሎኝ ነው፤ ብዙ ሰውም እንዲሁ ያስባል። ችግሩ ቀለሙ ፒግመንት መሆኑ ነው። ማቅለሚያ ሰሙ ውስጥ ይሟሟል፤ ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚጠፋው ይጠፋል። ፒግመንት ግን አይሟሟም። በጣም የደቀቀ ዱቄት ሆኖ ሰሙ ውስጥ ይንሳፈፋል። ሰሙ በክሩ ሲወጣ ዱቄቱም አብሮ ይወጣል። ሰሙ ተንኖ ይነዳል፤ ዱቄቱ ግን ክሩ ውስጥ ይቀራል። ቀስ በቀስ መንገዱን ይደፍነዋል። ክሩ ነዳጅ ሲያጣ ነበልባሉ ያንሳል፣ ከዚያ ይጠፋል። የሚያብረቀርቀው የማይካ ዱቄት፣ የቅመም ዱቄት፣ የግድግዳ ቀለም፣ ሁሉም የሚያደርሱት ጉዳት ይኸው ነው።

ይህ ማለት ፒግመንት ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ማቅለሚያ በብርሃን ይደበዝዛል፤ ባለ ሁለት ቀለም ሻማ ላይም አንዱ ወደ ሌላው እየሰረገ መስመሩን ያጠፋዋል። ፒግመንት ሁለቱም ችግር የለበትም። ስለዚህ ቦታው የሻማው ውጫዊ ቆዳ ላይ ነው፤ ነጩ ሻማ ፒግመንት ባለበት ሰም ውስጥ ጠለቅ ተደርጎ ይወጣል፤ ክሩ የሚስበው ግን የመሐሉን ንጹሕ ሰም ነው።

ትክክለኛው ማቅለሚያም ቢሆን ሲበዛ ክሩን ያዳክማል። ጥቁርና ጥልቅ ቀይ ብዙ ማቅለሚያ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ለነጭ ሻማ የተስማማ ክር ለጥቁሩ ሊያንስ ይችላል። ክር በውፍረቱ ቁጥር ስለሚሰጠው፣ አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል። የመጀመሪያ ሻማችሁን ፈዘዝ ባለ ቀለም ሥሩ የምለው ለዚህ ነው። ቅደም ተከተሉም ሰም፣ ዕቃ፣ ቀለምና መዓዛ፣ ከዚያ ክር ቢሆን ይሻላል።

ቀለጥ ያለ ሰም ከደረቀው ይልቅ ጠቆር ብሎ ይታያል። ድስቱን አይታችሁ አትፍረዱ። አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉና እስኪደርቅ ጠብቁ። የአኩሪ አተር ሰም በባሕርይው ነጣ ስለሚል ቀለምን ያፈዛል፤ ከነዳጅ ዘይት የሚገኘው ፓራፊን የተባለው ሰም ደግሞ ያጎላዋል። ቢጫ የንብ ሰም ውስጥ ሰማያዊ ብትጨምሩ አረንጓዴ ይወጣላችኋል። ቫኒላ ያለበት መዓዛም እየቆየ ሻማውን ወደ ቡናማ ይወስደዋል፤ ነጭ ሻማ ለፈለገ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው።

ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት፤ ውሃ የያዘ ድስት ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጡት፤ ጥላችሁትም አትሂዱ። ድንገት ሰሙ እሳት ከያዘ ውሃ ፈጽሞ አይደፋበትም፤ እሳቱን ይረጨዋል። ምድጃውን አጥፍታችሁ ክደኑት።

ክሩ በትክክል መመረጡን የሚነግራችሁ መለኮስ ብቻ ነው። የክር አምራቹ የቁጥር ሠንጠረዥ መነሻ ይሰጣችኋል፤ እናንተ ግን ያንን ቁጥር፣ አንድ ከፍ ያለውንና አንድ ዝቅ ያለውን ገዝታችሁ፣ ሰሙም ቀለሙም ዕቃውም አንድ የሆነ ሦስት ትናንሽ ሻማ ሥሩ። ከመለኮሳችሁ በፊት ክሩን 6 ሚሊ ሜትር አስቀርታችሁ ከርክሙት። ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ወርድ አንድ ሰዓት ያህል ይንደድ፤ ከ4 ሰዓት ግን አይለፍ። የቀለጠው ሰም ዳር ከደረሰ፣ ጥልቀቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ፣ ነበልባሉም ሳይጨስና ሳይወዛወዝ ከቆመ ክሩ እሱ ነው። ቁጥሩን ከቀለሙ ስምና መጠን ጋር ጻፉት። ቀለሙን የቀየራችሁ ዕለት ፈተናውን እንደገና ትጀምሩታላችሁ።